ለጥሩንባ ነፊው የተነፋ ጥሩንባ

መጋቢት ሦስት ቀን፣ ከሌሊቱ አስር ሰዓት አለፍ ሲል፣ የጎረቤቴ የዘነቡ አውራ ዶሮ አንዴ ጮሆ ሁለተኛውን ሲያመነታ፣ ሕልም አየሁ። ሰዓቱን አልረሳውም። በኋላ የሾላ በር ሰው ሁሉ እየመጣ ስለጠየቀኝ ደጋግሜ ተናግሬዋለሁ።

ከሕልሙ በፊት ግን የዋዜማውን ነገር ላስቀድም።

ማታ ላይ አዲሱ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ኤርሚያስ ከቅሬያችን፣ ማለት ከእድራችን፣ ዳኛ ከጋሽ ይመር ጋር ቤቴ መጣ። ኤርሚያስ ገና ልጅ እግር ነው፤ ከሌላ ወረዳ ተመድቦ የመጣ፣ ሰው አክባሪ። ከጦርነቱ ወዲህ ሾላ በርን መልሶ መገንባት ተጀምሮ ነበር። ምን ይቅደም የሚለውን ነዋሪው ራሱ ተሰብስቦ ይወስን ተብሏል። ነዋሪው ግን አልሰበሰብ አለ። ኤርሚያስ በመኪና ድምፅ ማጉያ ጭኖ መንደር ለመንደር ዞረ፤ ሰዉ ድምፅ ማጉያ ሲሰማ በሩን ዘጋ። በጦርነቱ ጊዜ በድምፅ ማጉያ የተነገረን ነገር አንድም ደግ አልነበረበትም።

"እትዬ እናኑ፣" አለኝ ኤርሚያስ በርጩማው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ "ጥሩንባውን ለነገ ያውሱን። ስብሰባው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ጥሩንባ ከተነፋ እዚህ አገር የሚቀር ሰው የለም ብለውኛል።"

"ለስብሰባ?"

"አዎ፣ ለስብሰባ።"

ጋሽ ይመር ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

ጥሩንባው ግድግዳው ላይ፣ ባለቤቴ በመታው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። የቅሬያችን ጥሩንባ ነው፤ የሚነፋውም ሰው ሲሞት ብቻ ነው። የእኛ ቅሬ ክርስቲያኑንም እስላሙንም አንድ ላይ ይቀብራል፣ አንድ ላይ ያስተዛዝናል። ሰው ሲያርፍ ባለቤቴ ጓንጉል ሊነጋጋ ሲል በራችን ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ይወጣና ሦስት ጊዜ ይነፋል፤ ከዚያ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይጠራል። ወንዱ አካፋና ዶማ፣ ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ከያለበት ይወጣል። ጥሩንባ ከተነፋ ድንኳን ሳይተከል አይቀርም፤ ይህ የቅሬው ሕግ ነው። ጓንጉል ያልጠራው የሾላ በር ሟች የለም ማለት ይቻላል።

ከራሱ በቀር።

ጦርነቱ የመጣብን ቀን ሰው ሁሉ ድልድዩን ተሻግሮ ሸሸ። ያን ቀን እማማ ላቀች የሚባሉ አሮጊት አርፈው ነበርና ጓንጉል "እሳቸውን ሳልቀብር አልሄድም፣ አንቺ ከዘነቡ ጋር ቅደሚ" አለኝ። አሮጊቷን ማዶ መቃብሩ ቀብሮ፣ ጥሩንባውን ሊደብቅ ቤት ተመልሶ ሲከተለን ከባድ መሣሪያ ድልድዩን መታው። እሱም እዚያው ነበር። መሸሽ ያልቻሉ ሁለት ሽማግሌዎች ወንዙ ዳር ቀበሩት። ጥሩንባ አልተነፋም፤ ቢነፋስ ማን ሊሰማ። እኔ ከስደት ስመለስ የተቀበረበትን አሳዩኝ። ጥሩንባውን ጭድ ውስጥ ደብቆት ሄዶ ነበርና አውጥቼ ከሚስማሩ ሰቀልኩት።

ከዚያ ቅሬውን አንድ ነገር ብቻ ለመንኩ። አንዴ ይነፋለትና ስሙ ይጠራ አልኩ። ጋሽ ይመር አንገታቸውን ደፍተው፣ "ጥሩንባ የሚነፋው ለቀብር ነው። ቀብሩ ላለፈ ሰው አይነፋም። ሕግ ነው እናኑ" አሉኝ።

"እንግዲያው ለማንም አይነፋም" አልኩና ቤቴን ዘጋሁ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲሞት መልእክተኛ በእግሩ ቤት ለቤት ይዞራል። ቀብር ያመለጠው ሰው ሁሉ እኔን ይረግማል። ዘነቡ እንኳ የአክስቷ ቀብር ካመለጣት በኋላ አንድ ሳምንት አኩርፋኝ ነበር።

ለኤርሚያስም ያንኑ ደገምኩለት። "ለባለቤቱ ሳይነፋ ለስብሰባም አይነፋም።"

"እልኸኛ ነሽ እናኑ" አሉ ጋሽ ይመር።

"የሕጉ ዳኛ እርስዎ ነዎት፣ የጥሩንባው ዳኛ ደግሞ እኔ።"

ኤርሚያስ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አየና ተነሣ። እነሱ ሲወጡ ጥሩንባውን ከሚስማሩ አወረድኩት። ሰው መቼም አይታመንም ብዬ ብርድ ልብሴ ውስጥ አስገብቼ እንደ ሕፃን አቅፌው ተኛሁ።

በሕልሜ በሬ ተንኳኳ። ስከፍተው ባለሥልጣኖች ተሰልፈው ቆመዋል። ሰልፉ ከደጃፌ ተነሥቶ በዘነቡ አጥር ዞሮ እስከ ወንዙ ይወርዳል። ሁሉም ወንበራቸውን በራሳቸው ተሸክመዋል። ከፊት የቆመው ከዞን የመጣ ትልቅ ሰው ነው፤ ሙሉ ልብሱ ላይ ነጠላ አዘቅዝቆ ደርቧል።

"እማማ፣ እኔ ከትናንት ጀምሮ ነው የቆምኩት" አለኝ።

"ምን ፈልገህ ነው?"

"ነዋሪ ጠፋብኝ። አንድ ነዋሪ ቢሰጡኝ።"

"ዛሬ ነዋሪ የለም። ነገ ተመለስ።"

"ትናንትም ነገ ተመለስ ብለውኝ ነበር።"

"የሚፈርመው ሰው ለቅሶ ሄዷል። እኔ ምን ላድርግህ?"

እጅ ነሥቶ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ሄደ። ሲሄድ የጫማው ተረከዝ ማለቁን አየሁና አንጀቴን በላው። ጠርቼ ቂጣ ቆርሼ ሰጠሁት። አራት ሆነው ተካፈሉት፤ ፍርፋሪውን ከወለሉ ለቅመው ለሾፌራቸው ላኩለት።

ወዲያው ግቢዬ የስብሰባ ሜዳ ሆነ። ከሾላው ዛፍ ሥር ጠመንጃዎች አግዳሚ ላይ ተደርድረው ፊደል ይቆጥራሉ። "ሀ፣ ሁ፣ ሂ" ይላሉ በወፍራም ድምፅ። አንዱ እየተሳሳተ ሲያስቸግር አስተማሪዋ ፍየል በቀንዷ ጎሸም አደረገችውና "አንተ ትናንት ሰው ትከሻ ላይ ስትንጠለጠል ነው የዋልከው፤ መች አጠናህ" አለችው። ጠመንጃው አቀርቅሮ አለቀሰ።

ስብሰባውን የምትመራው ላሜ ዳለቻ ነበረች። ዳለቻ በጦርነቱ ጊዜ ከበረት ተነድታ የቀረችብኝ ላም ናት። የንባብ መነጽር አድርጋ ጠረጴዛ ይዛለች፣ ከፊቷ የታሸገ ውሃ አለ። እኛ ሴቶቹ ከፊት ተቀምጠናል። ባለሥልጣኖቹ ከኋላ፣ አጥሩ ሥር፣ እያፈሩ።

"ከኋላ ያላችሁት ተሳተፉ" አለች ዳለቻ። "ዝም ብሎ መቀመጥ የለም። ስልካችሁን አጥፉና ተሳተፉ።"

ከዞን የመጣው ሰው እጁን አወጣ።

"ጊዜህ አልቋል" አለችው።

"ገና አልጀመርኩም እኮ።"

"እዚህ ሳይጀመር ነው የሚያልቀው። ተቀመጥ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺ፣ ሻርፕ ያደረግሽው። የጉዳት ምዝገባ ላይ ነን። ምን ጠፋብሽ?"

"አንቺ ነሽ የጠፋሽብኝ።"

መነጽሯን አወለቀች። "እኔም አንቺ ነሽ የጠፋሽብኝ። የወሰዱኝ ሰዎች ሲያልቡኝ አያንጎራጉሩም ነበር።"

"ታዲያ ወተት ሰጠሻቸው?"

"ሰጠኋቸው፤ ግን ቀጭን ነው። ሌላስ ምን ጠፋብሽ?"

ሌላውን ልነግራት አፌን ስከፍት ከወንዙ በኩል ጩኸት መጣ። ድልድዩ እያነከሰ ዳገቱን ይወጣ ነበር። አንድ እግሩ ተሰብሮ በሌላው ይጎተታል፤ ከወገቡ ላይ ውሃና አረንቋ ይንጠባጠባል። በሬ ላይ ደርሶ ተደገፈ።

"ቤት የእግዚአብሔር" አለ። "ለዛሬ የምታሳድሩኝ አልጋ ይኖራችኋል?"

"የኛ ሰው ነው፣ ታሞ ነው እንጂ" አለች ዘነቡ ከጎኔ። እሷ በሕልሜም ያችው ናት፤ አውራ ዶሮዋን አቅፋ ስትናገር ዶሮው ያስተካክላታል። "ቃሬዛ አምጡ" አለች። "ቃሬዛ አምጡ፣ ግን ቀስ ብላችሁ" አለ ዶሮው።

ቃሬዛ መጣ። ድልድዩን አጋደምነው፤ ባለሥልጣኖቹ ተሸከሙት። አንዱ ሲደክም ሌላው እየተካ፣ ሰው ታሞ ሲወሰድ እንደሚደረገው፣ በየተራ ትከሻ ሰጡት።

"ቀስ በሉ፣ ወገቤን" ይላል ድልድዩ።

"ወዴት እንውሰድህ?"

"ጤና ኬላ።"

"ጤና ኬላው ራሱ ታሞ ከተማ ሄዷል። ጣሪያውን ነው ያመመው።"

"እንግዲያው ወደ ወንዜ መልሱኝ። ከዚያ ማዶ አሻግሩኝ። ዕድሜ ልኬን ሳሻግር ማዶውን አንድ ቀን ረግጬ አላውቅም።"

ቁልቁል ወረድን። ዘነቡ ከፊት ሆና፣ ወደ ኋላ እየተራመደች፣ ለድልድዩ ሙሾ አወጣች፦

ስንት ሬሳ ስንት ሙሽራ በጀርባህ አለፈ፣
ማን ያሻግርህ ዛሬ ወገብህ ታጠፈ።

ከዞን የመጣው ሰው ከሁላችን በላይ አለቀሰ። በግራ ትከሻው ቃሬዛውን ይዞ በቀኝ እጁ ደረቱን ይመታ ነበር። "ወንድሜን፣ ወንድሜን" ይላል። ዘነቡ ዞር ብላ "ይሄ ሰው አልቃሽ መሆን ሲገባው ምን አግኝቶት ነው ባለሥልጣን የሆነው" አለችኝ። ዶሮዋም "እውነቷን ነው" አለ።

ወንዙ ደረቅ ነበር፤ ውሃው ከላይ፣ እንደ ደመና ሆኖ ይፈሳል። ዓሣዎች ከአናታችን በላይ ሲያልፉ ጥላቸው ፊታችን ላይ ይወድቃል። እግራችን ሳይርስ ተሻገርን። ዞር ስል ከእኔ በቀር ማንም የለም።

ማዶ የቅሬያችን ድንኳን ተተክሏል። ያ በጦርነቱ የተቃጠለው ሰማያዊ ድንኳን፣ ጓንጉል ጥግ ላይ የጣፋት ቡናማ እራፊ ሳትቀር፣ ደህና ሆኖ ቆሟል። ውስጡ የሞቱብን ሰዎች ሁሉ ተቀምጠዋል። ካርታ የሚጫወት አለ፣ ንፍሮ የሚቆረጥም አለ። አፉን በነጠላው ሸፍኖ በጸጥታ የሚያለቅስም አለ። በሩ ላይ እማማ ላቀች ምርኩዛቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

"ማነሽ?" አሉኝ።

"እናኑ ነኝ፣ የጓንጉል ሚስት።"

"አልሞትሽም እንዴ?"

"አልሞትኩም።"

"እንግዲያው አትገቢም። እኛ እኮ ለቅሶ ላይ ነን።"

"ለማን ነው የምታለቅሱት?"

"ለእናንተ ነዋ። በሕይወት ቀሩ ሲሉን ጊዜ ተቀመጥንላችሁ። እንዴት ናችሁ? ትበላላችሁ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ጓንጉል የታለ እማማ?"

እማማ ላቀች በምርኩዛቸው ወደ ወንዙ ዳር ጠቆሙኝ። "ውጭ ነው።"

"ውጭ ምን ያደርጋል?"

"አልተጠራም። እዚህ ሰው የሚገባው ሲጠራ ነው። ጥሩንባው ሲነፋ፣ ስሙ ሲጠራ እንሰማና ጠጋ ጠጋ ብለን ቦታ እንለቅለታለን። የእሱን አልሰማንም።"

"እርስዎን ጠርቶ የቀበረዎት እኮ እሱ ነው።"

"ጠፍቶኝ ነው ልጄ? ለእኔ ሲነፋ አገሩ ባዶ ነበር። አንድ ሰው በሌለበት ከተማ፣ ሦስት ጊዜ፣ ሳያሳጥር ነው የነፋልኝ። ስሜን ከነአባቴ ነው የጠራው። ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው ብሎ ሰዓት እንኳ ተናገረ። ማን ሊመጣ ይሆን እያልኩ ሳቄ መጣ።" ዐይናቸውን ጠረጉ። "ግን ሕግ ነው። እኔ አስገባዋለሁ ብል እነዚህ ይነሱብኛል።"

ካርታ ከሚጫወቱት አንዱ ቀና ብሎ "ሕግ ነው" አለ። ሌሎቹም "ሕግ ነው" አሉና ካርታቸውን ጣሉ።

ጓንጉልን ወንዙ ዳር አገኘሁት። እሱ ወንበር ላይ አልተቀመጠም፤ ወንበሩ ነው እሱ ላይ የተቀመጠው። ያ ክርኑ የተጣፈ ኮቱን ለብሷል። ከላይኛው ከንፈሩ መሐል ጥሩንባው ለብዙ ዘመን ያወጣበት ጠንካራ ምልክት እንዳለ ነው። ሲያየኝ እንደ ወትሮው የጆሮውን ጫፍ አከከ።

"እናንዬ" አለኝ። "ሽንኩርቱን አጠጣሽው?"

"አጠጣሁት።"

"አረሙስ?"

"አንተ ሰውዬ፣ ስንት ጊዜ ቆይተን ተገናኝተን ስለ ሽንኩርት ልታወራኝ ነው?"

"ምን ላውራሽ ታዲያ? ይበርዳል ብዬ ላስከፋሽ?"

"ይበርዳል?"

"ውጭ አይደል ያለሁት።" ወንበሩ ተመቻችቶ ተቀመጠበት። "አይግረምሽ እናንዬ። የሾላ በርን ሰው ሁሉ በስሙ ጠርቼ ወደዚያ ድንኳን አስገባሁ። ጉሮሮዬ እንደ ወፍጮ ድንጋይ እስኪሻክር ጠራሁ። የእኔ ጊዜ የሚጠራኝ ጠፋ። ራሴን እንዳልጠራ እዚህ ትንፋሽ አይሰጡም።"

"ጋሽ ይመርን ለምኜ እምቢ አሉኝ።"

"ይመር ልክ ነው። ሕጉን ያወጣነው አብረን ነው።"

"አንተም አለህበት?"

"ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ያ መንደሪን ሻጩ፣ አምና ለሞተ አጎቴ እንደገና ንፉልኝ እያለ አላስቀምጥ አለን። ለአንዱ ከተነፋ ሁሉም ይላል፣ ትንፋሼ ያልቃል ብዬ ሰጋሁ።" ፈገግ አለ። "ለራሴ ይሆናል ብዬ መች አሰብኩ።"

ልቆጣው ነበር፤ ነገር ግን የኮቱ አንገትጌ በአንድ በኩል ተቆልምሞ አየሁት። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። አስተካከልኩለት። ሲያስተካክሉለት አገጩን ቀና ያደርጋል፤ አሁንም ቀና አደረገ።

ወዲያው ጥሩንባው እጄ ላይ ሆነ። አፌ ላይ አድርጌ ነፋሁ። ድምፅ የለም። እንዲያውም ያለው ድምፅ ሁሉ ወደ ጥሩንባው ገባ፤ ከላይ የሚፈሰው ውሃ ጸጥ አለ፣ በድንኳኑ ውስጥ የሚያወሩት ሰዎች አፋቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ ከወዲያ ማዶ ዳለቻ አፏን ከፍታ አልተሰማችም። ጓንጉል ሳቀ። ሳቁም አልተሰማ፤ ትከሻው ብቻ ተንቀጠቀጠ። በእጁ እያሳየ "ገልብጪው" አለኝ። ለካ ሰፊውን አፉን ነው አፌ ላይ ያደረግሁት።

ስገለብጠው ድምፁ ሁሉ ተመለሰ።

"እዚህ ሁሉ ነገር የተገለበጠ ስለሆነ እሱም የተገለበጠ መስሎኝ ነው" አልኩት።

"ጥሩንባ የትም ጥሩንባ ነው። ከንፈርሽን ገጠም አድርጊ። ጉንጭሽን አትንፊው፣ ከሆድሽ አምጪው። ዶሮ ሽንኩርት ላይ ስትገባ እንደምትጮኺው አይደለም። እኔን ከእርሻ ለምሳ እንደምትጠሪኝ አድርጊው።"

ነፋሁ። የመጀመሪያው እናቱ እንደጠፋችበት ጥጃ ሆነ። ጓንጉል ዐይኑን ጨፈነ፤ "አይዞሽ፣ የእኔም የመጀመሪያው ከዚህ የባሰ ነበር" አለ። ሁለተኛው ተንቀጠቀጠ፣ ግን ወጣ። ሦስተኛው ከሆዴ ተነሣ። ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ያለው ገደል ተቀብሎ አስተጋባው። ከዚያ እሱ እንደሚያደርገው ጥሩንባውን ደረቴ ላይ አድርጌ ጮክ ብዬ ጠራሁ።

"ጓንጉል አበጋዝ አርፏል። ቀብሩ አልፏል። ለቅሶው ዛሬ ነው።"

ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። "ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በሉ፣ ጓንጉል ነው" ይላሉ እማማ ላቀች። ካርታ የሚጫወቱት ካርታቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁ። ወንበሩ ከጓንጉል ላይ ወረደና በአራት እግሩ ቆመ። ጓንጉል ተነሣ፣ ኮቱን ቆለፈ፣ ሁለት እርምጃ ሄዶ ዞር አለ።

"እናንዬ፣ ሽንኩርቱን ማታ ማታ ነው የሚያጠጡት፣ በጠዋት" አለና ሳይጨርሰው ነቃሁ።

በር ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ቆሜያለሁ። በባዶ እግሬ። ጥሩንባው ደረቴ ላይ ነው፤ ከንፈሬ አብጦ የራሴ አይመስልም። አገሩ ሁሉ ውሻ ይጮኻል። የዘነቡ ዶሮ ደንግጦ ዝም ብሏል። ዳገቱ ላይ ቁልቁለቱ ላይ መብራት እየበራ ነው።

መጀመሪያ የደረሰችው ዘነቡ ናት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየመታች፣ "እናኑዬ፣ እኔ ልቅደም፣ እናኑዬ" እያለች በአጠገቤ አልፋ ቤቴ ገባች። አልጋዬን ባዶ ስታገኘው ለቅሶው ባሰ። "ሬሳዋን ሳይቀር ወሰደው" ስትል ሰማሁ። ከዚያ ወጣችና አየችኝ።

"አልሞትሽም እንዴ?" አለችኝ፤ እንደ እማማ ላቀች።

"አልሞትኩም።"

"ታዲያ ማነው የነፋው?"

"እኔ ነኝ።"

ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች። "ጥሩንባው እንደዚያ ሲያቃስት ከአንቺ ቤት ስሰማው ጓንጉል ሊወስድሽ መጣ ብዬ ልቤ ቆመ። እዚህ እስክደርስ ያን ቡናማ ቀሚስሽን ለማን እንደምሰጠው ሁሉ አስቤ ጨርሻለሁ።"

"ለማን ሰጠሽው?"

"ለራሴ።"

ሰው ከኋላዋ ይመጣ ነበር። ወንዶቹ አካፋና ዶማ በትከሻቸው፣ ሴቶቹ እያለቀሱ። የሚያለቅሱት ስሜን እየጠሩ ነው። በቁሜ ያየኝ ሁሉ ለቅሶውን አቋርጦ ይቆማል፤ ከኋላ ያለው ደግሞ ያላየ ሆኖ ይቀጥላል። አክስቴን አላስቀበረችኝም ብሎ የረገመኝ ሁሉ መጥቶ ነበር። ኤርሚያስ ሸሚዙን አዛንፎ ቆልፎ እየሮጠ ደረሰ። በመጨረሻ ጋሽ ይመር የድንኳን ቋሚ ተሸክመው መጡ። ከእሳት የተረፈውን ሸራ ከማዳበሪያ ከረጢት ጋር ሰፍተው ያበጁት አዲሱ ድንኳን ከኋላቸው በሁለት ሰው ይመጣል።

"እናኑ፣" አሉ፣ "ማን ሞተ?"

ሰዉ ወደ ድንጋዩ ተጠጋ።

"ጓንጉል" አልኳቸው።

ቋሚውን ከትከሻቸው አወረዱ። ተናደዱ ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ቋሚውን ተደግፈው አንገታቸውን ደፉ። ከሰዉ መሐል አንድ ሽማግሌ፣ ወንዙ ዳር ከቀበሩት ከሁለቱ አንዱ፣ "ስሙን እኔም ከአልጋዬ ሰምቼዋለሁ። ጓንጉል አበጋዝ ስትል" አለ።

"ሕልም ነበር ጋሽ ይመር" አልኳቸው። "ሕጉን ልጥስ ብዬ አይደለም።"

ጋሽ ይመር ሰዉን ዞር ብለው አዩ። "ለቀብር ካልሆነ አይነፋም የሚል ሕግ አለን" አሉ። "ጥሩንባ ከተነፋ ድንኳን ሳይተከል አይቀርም የሚል ሕግም አለን። የመጀመሪያው አንዴ አምልጦናል። ሁለተኛውን ልታስጥሱኝ ነው የምትፈልጉት? ያዙ እንጂ ይህን ቋሚ።"

ድንኳኑ ግቢዬ ውስጥ ተተከለ። የመጣው ሰው ሁሉ ተቀመጠ። ዘነቡ ለእኔ ያዘጋጀችውን ሙሾ ለጓንጉል አዙራ አወጣችው። አንዳንዱ ቃል ለሴት ነበረና ባለበት አለፈ፤ ማንም አላረማትም። ጓንጉል በሞተ በዓመት ከአራት ወሩ ሾላ በር አለቀሰለት። ጎረቤት እዝን አመጣ፣ ንፍሮ ተቀቀለ። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ አየሁ፤ ከአጠገቤ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ክፍት ነበር፣ ማንም አልተቀመጠበትም።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ኤርሚያስ በርከክ ብሎ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። "እትዬ እናኑ፣ እንደ ክፋት አይዩብኝና ያ ስብሰባ..."

"ሰው ይኸው" አልኩት።

"ለቅሶ ላይ ስብሰባ ይቻላል?"

ጋሽ ይመር ሰምተውት ኖሯል። "ልጄ፣ እኛ ከለቅሶ ሌላ የት ተሰብስበን እናውቃለን? በል ተናገር" አሉት።

ኤርሚያስ ቆሞ ተናገረ። ከበላይ የመጣው ሐሳብ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይቅደም የሚል ነው፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ አለ። ዘነቡ አፏን በነጠላዋ እንደሸፈነች፣ "መቃብሩ ማዶ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ማዶ ነው" አለች። "ከጦርነቱ ወዲህ ሬሳ በውሃ ውስጥ ነው የምናሻግረው። አክስቴ ከፈኗ ርሶ ነው የተቀበረችው አሉኝ። ይኸ የምናለቅስለት ሰውም የሞተው እዚያው ድልድይ ላይ ነው። ጽሕፈት ቤት ምን ይሠራልናል?" ሌላ ተናጋሪ አላስፈለገም። እጅ ያላወጣው ኤርሚያስ ብቻ ነበር፤ እሱም ትንሽ ቆይቶ አወጣ።

ወንዶቹ መቃብር ሊቆፍሩበት ይዘውት የመጡትን አካፋና ዶማ ይዘው በከንቱ አንመለስም አሉ። ከሰዓት በኋላ ወደ ወንዙ ወርደው የፈረሰውን ድንጋይ መጥረግ ጀመሩ።

ድልድዩ ሰኔ ውስጥ፣ ወንዙ ሳይሞላ አለቀ። ጥሩንባውን አሁን የምነፋው እኔ ነኝ፤ ኤርሚያስ ስብሰባ ሲኖረው ዛሬም ሊዋሰኝ ይመጣል፣ እኔም አልሰጠውም።